በጀት ሲቀነስ፣ መምህር ሲቀነስ፣ ጡረታ ሲደርስ፦ የመሀል አዲስ አበባ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁን

አራዳና ቂርቆስ ውስጥ ስታፍ ሩም በገባን ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚሁ ስለሆኑ ሰብሰብ አድርገናቸዋል፣ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

መምህራን ማኅበር ማለት ዩኒየን ነው አይደል?

ስንጠራው እንደዛ ነው፣ በሕግ ግን አይደለም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር (ኢመማ) በ1941 የተመሠረተ የሙያ ማኅበር ነው፣ መዋጮው ከደመወዝ ላይ በፔሮል ይቆረጣል፣ አብዛኛው አባል የመንግሥት ት/ቤት መምህር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አይተዳደርም፣ የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው። ስለዚህ ማኅበሩ ከትምህርት ቢሮ ጋር ጠረጴዛ ከቦ የኅብረት ስምምነት ተደራድሮ መፈረም አይችልም። የሚችለው መጠየቅ፣ መወትወት፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ስብሰባ ላይ መናገር ነው። ሰው "ማኅበሩ ምን ሠራልን" ብሎ ሲናደድ ግማሹ ንዴት የማኅበሩ ስንፍና ነው፣ ግማሹ ግን እጁ ከመጀመሪያውም የታሰረ መሆኑ ነው።

የግል ት/ቤት መምህር ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እናንተ በ1156/2011 ነው የምትተዳደሩት፣ ት/ቤቱ ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፣ ያውም እውነተኛ ዩኒየን፣ የኅብረት ስምምነት ተደራድሮ የሚፈርም። ጥበቃውም ጽዳቱም ሾፌሩም አባል መሆን ይችላል። የሚገርመው ሕጉ ጉልበት የሰጠው ለግሉ ሆኖ ሳለ ስታፍ ሩሙ ውስጥ ስለ ማኅበር ሲወራ በሩ የሚዘጋውም እዛው ነው።

አባል መሆን ግዴታ ነው? መውጣትስ እችላለሁ?

ግዴታ አይደለም። ማንም ተገዶ የማኅበር አባል አይሆንም፣ መዋጮውም እናንተ ካልተስማማችሁ መቆረጥ የለበትም። መውጣት ከፈለጋችሁ ለመሠረታዊ ማኅበሩ (እዛው ት/ቤታችሁ ላለው የማኅበሩ ክፍል) በጽሑፍ፣ ግልባጭ ለፋይናንስ። በቃል "አውጡኝ" ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ፔሮሉ ላይ ማንም አይነካውም፣ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል።

"በጀት ተቀነሰ" ሲባል ደመወዜ ይነካል ማለት ነው?

ወዲያው አይነካም። የመንግሥት ት/ቤት በጀት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ከሱም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። ደመወዝ በመደብ የተያዘ ስለሆነ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚታጨደው ሌላው ነው፣ ማለትም ሥራ ማስኬጃው፣ ጥገናው፣ ወረቀቱ፣ የላብራቶሪ ዕቃው፣ በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ የሚመጣው ስኩል ግራንት። እናንተ የምታውቁት ፈተና ሲደርስ ነው፦ የማባዣው ቶነር አልቋል፣ ወረቀት በፍሬ ይቆጠራል፣ አንዱ መምህር ፈተናውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል ሌላው ከኪሱ ኮፒ ያስደርጋል። ቀጥለው የሚታጨዱት የትርፍ ሰዓት፣ የማካካሻ ትምህርትና የክረምት ሥልጠና አበል ናቸው። ደመወዛችሁ ሳይነካ ኪሳችሁ ይነካል ማለት ነው።

ት/ቤቱ ከአዳራሽ ኪራይ፣ ከክበብ ወይ ከሌላ ነገር የሚያገኘው የውስጥ ገቢ ካለ በምን ላይ እንደሚውል የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። እዛ ኮሚቴ ውስጥ የመምህር ወኪል አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን እጅ ላለማውጣት ስንል መርጠነው ከዛ የምንረሳው ሰው ነው።

የመንግሥት ት/ቤት መምህር በእርግጥ ሊቀነስ ይችላል?

በሕግ ይችላል። የሥራ መደብ ሲሰረዝ ወይም የሰው ኃይል ትርፍ ሲሆን ቅነሳ የሚባል ነገር የመንግሥት ሠራተኛ ሕግ ውስጥ አለ። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ በተመሳሳይ ደረጃ ክፍት መደብ ላይ መመደብ፣ ከሌለ ከተስማማችሁ ዝቅ ባለ መደብ፣ እሱም ካልሆነ ስንብት ከነክፍያው ነው። በተግባር ግን አዲስ አበባ ውስጥ መምህር "ተቀንሰሃል" የሚል ደብዳቤ ብዙም አይደርሰውም። የሚደርሰው ድልድል ነው፣ ማለትም ወደ ሌላ ት/ቤት መመደብ።

መሀል ከተማ ላይ ይሄ ነገር ለምን እንደባሰ ሁላችንም እናየዋለን። በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላው ዳር ሲነሳ ልጁንም ይዞ ነው የሄደው፣ ተማሪ ሲሳሳ ሴክሽን ይታጠፋል፣ ሴክሽን ሲታጠፍ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ያንሳል፣ 22 ፔሬድ የነበረው መምህር 11 ይቀረዋል፣ ከዛ ስሙ "ትርፍ" የሚል ዝርዝር ላይ ይወጣል። በላዩ ላይ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አወቃቀሩ 6-2-4 ሲሆን 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብሎ ለብቻው ወጣ፣ የትምህርት ዓይነቶች ክፍለ ጊዜም ተቀያየረ።

ድልድል ከሥራ መባረር አይደለም፣ ደመወዝና አገልግሎት ይቀጥላል። ግን አራት ኪሎ እየኖረ በሁለት ታክሲ ዳር ከተማ እንዲያስተምር የተመደበ ሰው የትራንስፖርት ወጪው ሲደመር ደመወዙ እንደተቀነሰ ነው የሚሰማው፣ ልክም ነው። ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ ካለ መጠየቅ ያለባችሁ መስፈርቱን ነው፦ በአገልግሎት ዘመን ነው? በጤና? በቤተሰብ ሁኔታ? በዕጣ? መስፈርቱ ሳይለጠፍ ስም ብቻ ከተለጠፈ ቅሬታችሁ እሱ ይሁን። "እኔን ለምን" ከሚል አቤቱታ ይልቅ "በምን መስፈርት" የሚል አቤቱታ ክፍለ ከተማ ላይ የተሻለ ይሰማል።

የግል ት/ቤት ነኝ፣ "ተማሪ ቀንሷል፣ በጀት የለም፣ በቃ" ተባልኩ። እንዲህ ዝም ብሎ ይቻላል?

ዝም ብሎ አይቻልም። አዋጁ ቅነሳ የሚለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ ነው፣ በዛ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይ ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መማከር አለበት። ማን ይቅር የሚለው መጀመሪያ በችሎታና በሥራ ውጤት ይታያል፣ እሱ እኩል ከሆነ አገልግሎቱ ያነሰው ቀድሞ ይነካል፣ ነፍሰ ጡርና የሠራተኛ ተወካይ መጨረሻ ላይ ከሚነኩት ናቸው። ማስጠንቀቂያው 2 ወር ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት ስታድሉ ውላችሁ ደብዳቤ እጃችሁ ላይ አስቀምጠው "ከሐምሌ ጀምሮ" ካሏችሁ የማስጠንቀቂያው ክፍያ ዕዳቸው ነው።

ሁለት ሦስት ሰው ብቻ መርጠው "ቅነሳ ነው" ካሉ ደግሞ ቅነሳ የሚለው ስም ራሱ ላይገባው ይችላል። የዛኔ ጉዳዩ ሥራው ከሕግ ውጪ ተቋርጧል ወይ የሚል ይሆናል፣ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው ካለና ወደ ሥራ ካልመለሳችሁ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ ይወስናል።

ስንት ነው የሚከፈለኝ? በቁጥር አሳዩኝ

እሺ። 9,000 ብር ደመወዝ፣ 6 ዓመት አገልግሎት እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር 9,000፣ ለቀሪው 5 ዓመት በየዓመቱ የደመወዙ ሲሶ 3,000 ስለሆነ 15,000፣ ድምር 24,000። ይሄ የስንብት ክፍያው ነው፣ ቢበዛ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ወይም የት/ቤቱ ለዘለቄታው መዘጋት ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፣ 18,000። በአጠቃላይ 42,000 ብር፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ክፍያው ሥራ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምር ይችላል።

"ጡረታ እየከፈልንልህ ስለነበር ስንብት የለህም" የሚል ነገር ትሰማላችሁ፣ ብዙ መምህርም አምኖት ወደ ቤቱ ሄዷል። ጡረታ ወይ ፕሮቪደንት ፈንድ (አሠሪና ሠራተኛ የሚያዋጡበት የቁጠባ ፈንድ) መኖሩ ስንብትን የሚያስቀረው በጡረታ ዕድሜ ለሚሰናበት ሰው ነው፣ ለተቀነሰ ሰው አይደለም።

"በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ" ብለህ ፈርምና መሸኛህን ውሰድ አሉኝ። ልፈርም?

አትፈርሙ። ይሄ ወረቀት ከላይ ከቆጠርነው 42,000 ብር ውስጥ 18,000ውን በአንድ መስመር የሚያጠፋ ወረቀት ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ቅነሳ የለውም፣ የ60 ቀኑ የለውም፣ ስንብት ራሱ 5 ዓመት ካልሞላ የለውም። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ስትለቁ በሕግ የሚገባችሁ ነገር ነው፣ የሚሸጥላችሁ አይደለም።

አንዲት እህታችን መሀል ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ት/ቤት ስምንት ዓመት አስተምራ እንዲሁ ፈርሚ ተባለች፣ ቢሮው ውስጥ ሰብሰብ ብለው ቆመው፣ እስኪርቢቶውም ተቀምጦላት። ከፊርማዋ በላይ በራሷ እጅ "የለቀቅኩት ት/ቤቱ በጀት የለኝም ስላለኝ ነው" ብላ ጻፈችበት። ሰነዱን አንስተው ቀደዱት፣ በማግስቱም የቅነሳ ደብዳቤ ሰጧት። ሁሌ እንዲህ ያልቃል ማለት አይደለም ግን ባዶ ሜዳ ላይ ከመፈረም ይሻላል።

ኮንትራቴ የ10 ወር ነው፣ ክረምት ደመወዝ የለም፣ መስከረም ላይ እንደገና እፈርማለሁ። ይሄ ሕጋዊ ነው?

የመሀል ከተማ የግል ት/ቤቶች ትልቁ ቁስል ይሄ ነው። አዋጁ መነሻው የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ ነው የሚል ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚባለው በዝርዝር ለተቆጠሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ማስተማር የት/ቤቱ ዋናና ቋሚ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ለአራተኛ ዓመት "አዲስ" ኮንትራት የፈረመ የሒሳብ መምህር ጊዜያዊ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ማመን የለበትም። ት/ቤቶቹ በበኩላቸው ሥራው በዓመቱ የተወሰነ ወቅት ላይ እየተደጋገመ የሚሠራ ነው ብለው ይከራከራሉ፣ ሕጉ ውስጥም እንደዚህ ዓይነት ሥራ የተጠቀሰበት ቦታ አለ። ችሎት ላይ የሚወስነው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው።

ስለዚህ ክረምት ላይ ምን እንደሠራችሁ ማስረጃ ያዙ። ምዝገባ ላይ ቆማችሁ ነበር? የመልሶ ማጠናከሪያ አስተምራችኋል? ነሐሴ ላይ ዓመታዊ ዕቅድ አስገቡ ተብላችኋል? የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ዳይሬክተሩ ሐምሌ 20 "ነገ ሁላችሁም 2:30 ላይ ትገኛላችሁ" ብሎ የጻፈው መልዕክት ስክሪንሹቱ ብዙ ዋጋ አለው። በ2012 ኮሮና ገብቶ ት/ቤት ሲዘጋ መጀመሪያ መሬት የመታው መምህር ማን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ ይሄ ኮንትራት የነበረው ነው።

ለመክሰስ ስንት ጊዜ አለኝ? የትስ ነው የምሄደው?

የግል መምህር፦ ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለት ሥራው ከተቋረጠ 3 ወር፣ ላልተከፈለ ደመወዝና ለስንብት 6 ወር። ሦስት ወር ረጅም ይመስላል፣ ሐምሌን "ምናልባት ይጠሩኝ ይሆናል" ብላችሁ፣ ነሐሴን ሌላ ት/ቤት ስታመለክቱ፣ መስከረምን በዓል ስታከብሩ ያልቃል። የግል ክርክር በአሠሪና ሠራተኛ ችሎት ይታያል፣ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። የጋራ ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኅብረት ስምምነት፣ የምትሄዱት ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው።

የመንግሥት መምህር መንገዱ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዛ የመንግሥት ሠራተኞች የአስተዳደር ፍርድ ቤት። እዚህ ቀኖቹ ከግሉ በጣም ያጥራሉ፣ ስለዚህ ደብዳቤው በደረሳችሁ ሳምንት አቤቱታችሁን አስገቡ፣ "በሽማግሌ ይያዝ" ብላችሁ አትቆዩ።

ለልማት፣ ለዚህ ለዛ ተብሎ ሳልስማማ ከደመወዜ ቢቆረጥስ?

በመንግሥትም በግልም ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በጽሑፍ በሰጣችሁት ስምምነት ነው (በግሉ የኅብረት ስምምነትና የሥራ ደንብ ይጨመራል)፣ በአንድ ጊዜም ከደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስብሰባ ላይ "ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማምቷል" ተብሎ ቃለ ጉባዔ መያዙ የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት አይደለም። አልስማማም የምትሉ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት በጽሑፍ ለፋይናንስ አስገቡ፣ ከተቆረጠ በኋላ ማስመለስ ሌላ ጣጣ ነው። የስብሰባ ስም መፈረሚያ ወረቀት ላይም ከላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ "ለመገኘት ብቻ" ተብሎ የተፈረመ ወረቀት ሌላ ቦታ ስምምነት ሆኖ ሲመጣ አይተናል።

አድማ መምታት እንችላለን? ለምንስ ማኅበሩ አያምፅም?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታ የማሰማት መብት ለሠራተኛ ሰጥቷል፣ የመንግሥት ሠራተኛን በተመለከተ ግን የትኛው ሠራተኛ በዚህ እንደሚጠቀም በሕግ ይወሰናል ይላል። ያ ነገር እስከዛሬ ለመምህሩ አድማ የሚመታበት መንገድ አልጠረገለትም። የመንግሥት መምህር ክፍል አልገባም ቢል የሚጠብቀው የቀሪ ማስጠንቀቂያና የዲሲፕሊን ክስ ነው። የግል ት/ቤት ማኅበር ግን በአዋጁ መሠረት ከ10 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ጋር፣ ድምፅ ሰጥቶ፣ የማስታረቅ ሙከራ አድርጎ ሥራ ማቆም ይችላል። ት/ቤት አድማ ከተከለከለባቸው እንደ ሆስፒታል፣ መብራትና ውሃ ካሉ አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ የለም።

"ማኅበሩ ለምን አያምፅም" ለሚለው ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። የካቲት 1966 ላይ ኢመማ የትምህርት ሴክተር ሪቪውን ተቃውሞ ሥራ ሲያቆም ጉዳዩ በዋናነት የበጀት ነበር እኮ፣ ገንዘቡን ከከተማ ሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር መሠረታዊ ትምህርት እናዙር የሚል ዕቅድ ነው፣ መምህሩ ደግሞ ደመወዜና ዕድገቴ ምን ይሆናል አለ። በዛው ሰሞን የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ ቆሙ፣ ሪቪው ተነሳ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔም በዛው ወር ወረደ። ከ1985 በኋላ ደግሞ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፣ የነባሩ ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ታሰሩ፣ ከአመራሮቹ አንዱ አሰፋ ማሩ በ1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ተተኩሶባቸው ተገደሉ፣ የስምና የንብረት ክርክሩም በ2000 በሰበር ለአዲሱ ተወሰነ። አሁን ያለው ማኅበር የዚህ ወራሽ ነው። በ2004 መጋቢት አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ ማስተካከያው የተናደዱ መምህራን ሥራ ሲያቆሙም በራሳቸው ነው የቆሙት። እኛ ማኅበሩን ለመከላከል አይደለም ይሄን የምናወራው፣ በሕግ የተሰጠውን ትንሽ ነገር እንኳን ሲጠቀምበት ስለማናይ መጠየቅ እንዳለበት እናምናለን፣ ግን "ፈሪ ናቸው" ብሎ ብቻ ማለፍ ከየት እንደመጣን መርሳት ነው።

ጡረታዬ ስንት ይሆናል?

የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። መዋጮው እናንተ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በመንግሥትም (አዋጅ 1267/2014) በግልም (አዋጅ 1268/2014)። አበሉን ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ከዛ በታች ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። 10 ዓመት ላገለገለ የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከ10 በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ።

ጣሪያው ጋ ለመድረስ 42 ዓመት ያስፈልጋል። ማለትም 18 ዓመታችሁ ላይ ኖራ ይዛችሁ ሰሌዳ ፊት መቆም ነበረባችሁ። ብዙው መምህር 32፣ 34፣ 36 ዓመት ላይ ነው የሚወጣው፣ እሱም ከ57.5 እስከ 62.5 በመቶ ነው። ተጧሪው ቢሞት የትዳር ጓደኛ የአበሉን ግማሽ ያገኛል።

ደመወዝ ጨምሯል፣ ጡረታዬም በአዲሱ ደመወዝ ነው የሚሰላው አይደል?

አይደለም፣ ሰው በጣም የሚደነግጠውም እዚህ ጋ ነው። በጥቅምት 2017 ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሄደ፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 6,000፣ የዲግሪ መነሻውም ወደ 11,500። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ጡረታ የሚሰላው በ36 ወር አማካይ ስለሆነ ጭማሪው ከመጣ በኋላ ቶሎ የሚወጣ ሰው አሮጌውን ደመወዝ አብሮ ይዞ ነው የሚወጣው።

በክብ ቁጥር እንየው። አንዲት መምህርት 34 ዓመት አገልግላለች፣ የመጨረሻ ሦስት ዓመቷ 8,000፣ ከዛ 11,000፣ ከዛ 14,000 ነበር። አማካዩ 11,000፣ መቶኛዋ 30 ሲደመር 24 ጊዜ 1.25፣ 60 በመቶ፣ ጡረታዋ 6,600 ብር። እሷ ግን 14,000ውን እያየች 8,400 ጠብቃ ነበር። የ1,800 ብር ልዩነት ነው፣ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። ይሄን ያመጣችልን ሰው የ1984 የቅጥር ደብዳቤዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሒሳቡን በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ሠርታ ነው የመጣችው፣ ሦስቱም ጊዜ ልክ ነበር፣ የተሳሳተው የጠበቀችው ነገር ነው።

አማራጩ አገልግሎት ማራዘም ነው። ከ60 በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሙያው ያስፈልገኛል ካለና ጤናችሁ ከፈቀደ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው እስከ 10 ዓመት ሊራዘም ይችላል። መብት ግን አይደለም፣ ፈቃድ ነው። መምህር "ትርፍ" በሚባልበት መሀል ከተማ የቋንቋና የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ማራዘሚያ ማግኘት ከባድ ነው፣ ፊዚክስና ሒሳብ ይሻላል።

25 ዓመት ሞልቶኛል፣ ሰልችቶኛል፣ ልውጣና ጡረታዬን ልብላ?

መውጣት ትችላላችሁ፣ መብላቱ ግን ይቆያል። 25 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አበሉ የሚጀምርለት ከጡረታ ዕድሜው 5 ዓመት ቀድሞ፣ 55 ላይ ነው። ከ10 እስከ 25 ዓመት ያገለገለ ደግሞ 60 እስኪሞላው ይጠብቃል። 23 ዓመት ላይ ሆናችሁ ድልድሉ አናዷችሁ ልትለቁ ከሆነ ሁለት ዓመት መታገስ አምስት ዓመት ያተርፋል። 47 ዓመታችሁ ላይ 25 ሞልቶ ብትወጡም እስከ 55 ድረስ ስምንት ዓመት በምን እንደምትኖሩ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ።

ከመንግሥት ወደ ግል ሄጃለሁ፣ የበፊቱ አገልግሎቴ ጠፋ?

አልጠፋም። የሁለቱ ጡረታ ዐቅዶች አገልግሎት ይደመራል፣ 12 ዓመት መንግሥት 15 ዓመት ግል 27 ነው። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው፣ ከመንግሥት ስትለቁ የአገልግሎት ማስረጃውን፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንና መልቀቂያውን በእጃችሁ አስገቡ። የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው በ2003 ስለሆነ ከዛ በፊት በግል ት/ቤት ያስተማራችሁት ዓመት ዝም ብሎ አይቆጠርም። ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራችሁ የፈንዱን ሰነድ ይዛችሁ ለብቻው ጠይቁ።

ደመወዝ ወረቀቴ ላይ ጡረታ ተቆርጧል፣ ት/ቤቱ ግን ማስገባቱን አላውቅም

ዛሬውኑ ጠይቁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄዳችሁ በመለያ ቁጥራችሁ መዋጮ መግባቱን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። መለያ ቁጥር የለኝም ካላችሁ መልሱ ከዛው ይጀምራል ማለት ነው። አሠሪው ቆርጦ ካላስገባ ወንጀሉ የሱ ነው፣ አስተዳደሩም ከባንክ ሒሳቡ ላይ የማስከፈል ሥልጣን አለው። እናንተ ግን የፔሮል ወረቀቶቻችሁን አታጥፉ።

ሌላው ተንኮል የበለጠ ረቂቅ ነው። 15,000 ይከፈላችኋል፣ ውሉ ላይ ግን መሠረታዊ ደመወዝ 5,000፣ ቀሪው 10,000 የትራንስፖርት፣ የቤት፣ የምናምን አበል። እጃችሁ ላይ የሚገባው ሞቅ ስለሚል ደስ ይላል። መዋጮ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ስለሆነ ግን ጡረታችሁ የ5,000 ብር ሰው ጡረታ ይሆናል፣ ስንብቱም ሲመጣ በ5,000 ካልሆነ ብለው ይሟገታሉ። ኮንትራት ስትፈርሙ ጠቅላላውን ሳይሆን "መሠረታዊ" የሚለውን መስመር እዩ።

ዕድሜዬ ቅጥር ላይ በስህተት በሦስት ዓመት በልጦ ተጽፏል፣ ላስተካክለው?

ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት ፎርም ላይ ያለው ዕድሜ ነው። በኋላ የመጣ የልደት ካርድ፣ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ እሱን አይቀይረውም። በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ "አስተካክልልሃለሁ" የሚላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን እየበላ ነው።

የማኅበራችን ተጠሪ ራሱ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። ድልድሉን ያወጣውም እሱ ነው። ቅሬታዬን ለማን ልስጥ?

ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው። በግል ት/ቤት የሥራ መሪ የሠራተኛ ማኅበር አባል ስለማይሆን ጥያቄው አይነሳም፣ በመምህራን ማኅበር ውስጥ ግን ርዕሰ መምህሩም መምህር ነው፣ አባል ነው፣ ይመረጣል። ስለዚህ እዛው ት/ቤት ላይ አትገትሩት። አቤቱታውን ለክፍለ ከተማው መምህራን ማኅበር ጻፉ፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽ/ቤት አድርጉ፣ እሱንም "ግልባጭ ለመሠረታዊ ማኅበሩ" ብላችሁ ከታች ጥቀሱት፣ ደብቃችሁ ሄዳችሁ እንዳይባል። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስይዙ፣ በእናንተ ኮፒ ላይም ማኅተም ይረፍ። ሰውዬውን የምትቀይሩት በጉባዔ ነው፣ የምርጫ ጉባዔ ሲጠራ ምልዓተ ጉባዔ ሳይሞላ ሦስት ጊዜ የተበተነበት ት/ቤት ደግሞ ብዙ ነው፣ ሻይ ሰዓት ላይ ከማማት ያን ቀን መገኘት ይቀላል።